ነጩ ግማሽ ነው

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 4

ሐይቁ በመጨረሻ በረዶ ሆኖ ረጋ። ታማራክ ሐይቅ እንዲህ ያስጠበቀን ዓመት ትዝ አይለኝም። ጠዋት በመስኮት ሳየው ግራጫ፣ ሰማዩም ግራጫ... አንዱ የት አብቅቶ ሌላው የት እንደሚጀምር አይለይም። ፀሐይ ካየን ዛሬ ዘጠነኛ ቀን። እየቆጠርኩ ነው።

ግሌንዳ ደወለች። የኮሚቴ ሊቀመንበር ከሆነች ወዲህ ሰላምታ ትታለች።

«አርሊስ፣ ወንድምሽ ምን አለ? ሠዓሊዎቹ ነፍሴን ሊያወጡት ነው።»

«የበረዶውን ውፍረት ገና አልለካም።»

«መቼ ሊለካ ነው? የጎጆ መንደሩ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ቀረው እኮ።»

«በረዶውን ጠይቂው።»

አሥራ አራት ጎጆ፣ አሥራ አራት ሠዓሊ። ድሮ ሰው ጎጆውን ሐይቁ ላይ ያወጣና፣ ወለሉን ቀዶ፣ በረዶውን በስቶ ዓሣ ይጠብቅ ነበር። አሁን ዓሣው ቀርቶ ጥበብ ሆኗል። ዘንድሮ አንዱ ጎጆውን ከላይ እስከ ታች በማንኪያ ሸፍኖታል። ማንኪያው የሚስቱ ነው፤ ሾርባ የምትጠጣበት አጥታ እናቷ ቤት ገብታለች ይላሉ። ይህን ለጋዜጣ ዓምዴ።

ለመክፈቻውስ ወንድሜን ኦርቪልን ላድርገው? ሃያ ሁለት ዓመት መንደሩ ሐይቁ ላይ ሲወጣ የለካው እሱ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ መሰርሰሪያ፣ አንድ ደብተር። አሥር ኢንች ከሞላ ይወጣል፤ ካልሞላ አይወጣም። ቃሉን የተከራከረ የለም።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 7

ኦርቪል ለምሳ መጣ። ሚስቱ ኢኔዝ ከሞተችበት ጊዜ ጀምሮ ማክሰኞ የእኔ ናት። ድንችና የተፈጨ ሥጋ ደራርቤ ጋግሬ ነበር፤ ሁለቴ አስጨመረ።

«ሚጢጢ፣ ጨው ተወደደ እንዴ?»

«ልብህን ብዬ ነው።»

«ልቤ ምንም አላለም። ምላሴ ነው የሚያማርረው።»

ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። በዚህ ምድር ላይ ሚጢጢ የሚለኝ አንድ ሰው ቀርቷል።

ሳህኑን እያነሳሁ «ግሌንዳ ደውላልሽ ነበር?» አለኝ። አዎ፣ አልኩት፣ ያለችውን ሁሉ ነገርኩት። ውሃ ጠጣ። አፉን ጠረገ። «ግሌንዳ ደውላልሽ ነበር?»

ሳቅኩበት። «ጆሮህን አጽዳ አንተ ሰውዬ።» እሱም ሳቀ። ግን ዘግየት ብሎ... ሌላው ሲስቅ አይቶ እንደሚስቅ እንግዳ።

ሰባ አራት ዓመት ነው እንግዲህ። እኔስ ባለፈው መነጽሬን ፍሪጅ ውስጥ አላገኘሁትም?

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 9

ኦርቪል ለካ። አሥራ አንድ ኢንች። ግሌንዳ በስልክ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ቅዳሜ ጎጆዎቹ ይወጣሉ።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 11

እግሬ ገና አልሞቀልኝም። ቀኑን ሙሉ ሐይቁ ላይ።

ጎጆዎቹን በሸርተቴ እየጎተቱ አወጡ። ማንኪያው ጎጆ መንገድ ላይ ሲንኳኳ ውሾቹ ሁሉ አበዱ። ሚስቲቱ ከእናቷ ቤት ተመልሳ ዳር ላይ ቆማ ነበር። «ማንኪያዬን ልይ ብዬ ነው» አለችኝ። አሳዘነችኝም አሳቀችኝም።

ከሁሉ የወደድኩት የማሪትን ነው። ማሪት ከከተማ የመጣች ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት፤ ስታወራ እጇን ኪሷ ውስጥ ትደብቃለች። ጎጆዋ ውስጥ ግድግዳው በሙሉ ጓንት ነው። ሁሉም ነጠላ። ጓደኛው የጠፋበት። ከየቤቱ፣ ከየቤተ ክርስቲያኑ፣ ከየትምህርት ቤቱ ሳጥን ለቅማ በምስማር ሰቅላዋለች። ስትገባ አራት መቶ እጅ ሰላም የሚልሽ ይመስላል። ወይም አትግቢ የሚልሽ... እንደ ቀኑ ነው።

«ጋሽ ኦርቪል፣ የእርስዎንስ አላመጡልኝም?» አለችው።

ካፖርቱ ኪስ ውስጥ እጁን ከቶ ቀይ ጓንት አወጣ። የኢኔዝ ነው። በእጇ የሠራችው፣ የግራው። ቀኙ የጠፋ ጊዜ ቤቱን ገለባብጣ አጣችው፤ ሆስፒታል ከተኛች በኋላ እንኳ «ከምድጃው ኋላ አይታችኋል?» ትል ነበር። ኦርቪል ይህን ጓንት አራት ዓመት ኪሱ ይዞት እንደሚዞር አላውቅም ነበር። እህቱ ሆኜ። የሰው ጓዳ ሁሉ የማውቅ ነኝ ባይ ሆኜ።

ማሪት ከበሩ ፊት ለፊት ሰቀለችው። ኦርቪል ቀና ብሎ አየና «አሁን ብቻዋን አይደለችም» አለ። ስለ ጓንቱ ነው? አልጠየቅኩም።

እንደ ልማዱ ከለካበት ቦታ አንድ የበረዶ ጡብ ከላይ እስከ ታች በመጋዝ ቆርጦ መንደሩ መግቢያ ላይ አቆመው። ሰው የቆመበትን አይቶ እንዲገባ ነው። ማሪት ከኋላው ትንሽ መብራት አስቀመጠችለት። ወተት መሰለ። ሰው ሁሉ ፎቶ ሲያነሳው ዋለ፤ እኔም አነሳሁት። የዓምዴን መክፈቻ አገኘሁ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 13

ጽሑፉን ላክሁ። «ዘንድሮ ከአሥራ አራቱ ጎጆዎች ሁሉ የሚያምረውን ሥራ የሠራው ሠዓሊ አይደለም፤ ወንድሜ ነው። ወተት የመሰለ ነጭ በረዶ...» እያልኩ። ፎቶውም አብሮ ይወጣል።

ከጣሪያው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። በጃንዋሪ።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 15

ጋዜጣው ወጣ። ሦስት ሰው ደውሎ አመሰገነኝ። ባለዳቦ ቤቷም «አነበብኩልሽ፣ ውሃ ብታዪ ውሃውን ታሞግሺዋለሽ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ቤት ገባሁ። ኮቴን ሳላወልቅ ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ።

ፎቶው በጥቁርና ነጭ ነው የወጣው። መብራቱ የለ፣ ውበቱ የለ። ጡቡ ብቻ። ከላይ ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ... ከታች ሦስት ጣት የምትሆን ጥቁር።

ቁጭ አልኩ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ኦርቪል አሥራ ስምንት። በሆዴ በረዶው ላይ አስተኝቶኝ በቀዳዳው ቁልቁል እያሳየኝ... «አየሽ ሚጢጢ፣ ጥቁሩን ሐይቁ ራሱ ነው የሠራው። እሱን እመኚው። ነጩ አመዳይ ረጥቦ የረጋ ነው፣ ውስጡ አየር ነው። ግማሹን ብቻ እመኚው። ነጩ ስንት ነው?» ግማሽ። «እንደገና።» ግማሽ። እስኪሰለቸኝ።

ማስመሪያ አመጣሁ፣ የፎቶውን ጡብ ለአሥራ አንድ ከፈልኩት። ጥቁር ሦስት። ነጭ ስምንት፣ ግማሹ አራት። ሰባት ኢንች ነው። አሥራ አንድ አይደለም።

ያንን ነው በጋዜጣ «ወተት» ብዬ ያሞገስኩት። ከተማው ሁሉ አይቶታል። ማንም ልብ አላለም፤ የሚያውቀው ለክቷላ።

ቤቱ ሄድኩ። ጋዜጣውን ቆርጦ ፍሪጁ ላይ ለጥፎታል።

«ኦርቪል፣ በረዶው ስንት ነበር?»

«አሥራ አንድ።»

«ነጩንስ?»

«ነጩን ምን?»

እንዲህ ነው ያለኝ። ነጩን ምን። ዓይኔን እያየ፣ ምን እንደፈለግኩ ለመረዳት እየጣረ።

ደብተሩን አሳየኝ አልኩት። የድሮዎቹ ገጾች ሁሉ «ጥቁር»፣ «ነጭ»፣ «ድምር» ተብለው የተሰመሩ ናቸው። የዘንድሮው ገጽ አልተሰመረም። አሥራ ሁለት ቀዳዳ፣ አሥራ ሁለቱም ፊት ለፊት 11 ተጽፏል። አሥራ ሁለቱ ቀዳዳ አንድ ዓይነት የሆነበት ሐይቅ የት አለ?

ነገርኩት። ቀስ ብዬ፣ ሁሉንም። ነጩን፣ ሰባቱን። «ለግሌንዳ እንንገራት፣ አብረን» አልኩት። ደብተሩን ከእጄ ነጠቀኝ።

«እኔን ልትለኪ ነው የመጣሽው?»

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 16

አልተናገርኩም።

ሌሊቱን ሊበርድ ይችላል እያልኩ። ቅዳሜ ሩቅ ነው እያልኩ። ሩቅ ነው እንዴ? ከነገ ወዲያ ነው። ሦስት መቶ ሰው ይጠበቃል፣ ትምህርት ቤቱም ተማሪዎቹን ይዞ ይመጣል።

በዚህ ከተማ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ፀጉሩን እንደተቀባ፣ የማን ኬክ ከሱቅ ተገዝቶ በእጅ ተሠራ እንደተባለ ስጽፍ ሠላሳ ዓመቴ። አሁን አንዲት ነገር መናገር አቃተኝ። ከተናገርኩ ወንድሜ አለቀለት። ሌላ ምን ቀርቶታል? ሚስቱ የለች። መሰርሰሪያውና ደብተሩ ነው ያለው።

ከሰዓት ማሪት ደወለች። «ጎጆዬ ዙሪያውን ነፋስ እያስገባ ነበር፣ አመዳዩን በአካፋ ዝቄ እስከ መስኮቱ ቀበርኩት። ሞቀልኝ አርሊስዬ፣ እንደ ብርድ ልብስ ነው።»

እንደ ብርድ ልብስ ነው... አዎ። ለበረዶውም ብርድ ልብስ ነው። ብርድ ካላገኘ አይጠነክርም፤ ከሥሩ ይሳሳል። ይህንንም ኦርቪል ነው ያስተማረኝ። ድሮ ቢሆን ከሩቅ አይቶ አካፋዋን ይቀማት ነበር። ትናንት አብሯት በአካፋ ሲዝቅ ነበር አለችኝ።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 17

ተናገርኩ።

ግሌንዳ ቢሮዋ ውስጥ የመግቢያ ምልክት ስትቀባ ደረስኩባት። ጋዜጣውን ዘርግቼ ጥቁሩን በጣቴ አሳየኋት። ብሩሹን አስቀመጠች።

«መቼ አወቅሽ?»

«ረቡዕ።»

«ዛሬ ዓርብ ነው አርሊስ።»

«አውቃለሁ።»

«ወሬ አንድ ሰዓት አቆይተሽ የማታውቂ ሰው...» ብላ ተወችው። ከዚያ በላይ ምን ትበለኝ።

ከእሳት አደጋዎቹ ሁለቱን ይዛ ሄደች። ለኩ። መሐሉ ላይ ሰባት፤ ማሪት ጎጆ አጠገብ አምስት አልሞላም። ዝግ ነው ተባለ። ከሰዓቱን በሙሉ በረጅም ገመድ ከዳር ሆነው አሥራ ሦስቱን ጎጆ ጎትተው አወጡ። የማሪት ግን የተቀበረበት አመዳይ ረጥቦ ይዞታል፣ ንቅንቅ አላለም። ተውት።

ኦርቪል ወሬውን የሰማው ምሳ ቤት ነው። ከሌላ ሰው አፍ። ቤቴ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ ግባ ብለው አልገባም።

«ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበር?»

«ነግሬሃለሁ፣ ኦርቪል። ረቡዕ። ወጥ ቤትህ ቁጭ ብለን።»

«አልነገርሽኝም።»

ፊቱን አየሁት። አልዋሸም።

«ከኋላዬ ሄድሽ። አንቺ።» ኮፍያውን አድርጎ ሄደ። ጓንት አላደረገም፣ በዚያ ነፋስ።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 18

መንደሩን የመኪና ማቆሚያው ላይ ከፈቱት። አስፋልት ላይ ጎጆ... ማንኪያዎቹ እንኳ አልጮሁም፣ ዛፉ ነፋሱን ከለከላቸው። ሰው መጣ፣ ትኩስ ቸኮሌቱን ጠጣ፣ ሄደ። አንዷ «ከሩቅ መጥተን ለዚህ ነው?» ስትል ሰማሁ። ሁለት ሰው ሰላምታ ነሳኝ። ወንድሟን አሳጣችው ብለው ይሆን? ወይስ ሁለት ቀን ዝም አለች ብለው? ሁለቱም እውነት ነው።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 19

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ነው። መጀመሪያ ድምፁ መጣ፣ ሐይቁ ውስጥ ውስጡን እንደሚያቃስት። ከዚያ የማሪት ጎጆ በአንድ ጥግ ዝቅ አለ። ሰው ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ እንደሚያዘነብለው። ቆየ። ከዚያ ገባ። ጣሪያው ብቻ ቀረ።

ማሪት ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ትናንት ሐይቁ ላይ ቢከፈት ኖሮ በዚህ ሰዓት ውስጡ ስንት ሰው ይሆን ነበር? ሁሉም ያንን እያሰበ ነበር፤ ፊታቸው ላይ አየሁት።

ጓንቶቹ ከምስማራቸው እየተላቀቁ ወደ ላይ መጡ። አንድ በአንድ።

ኦርቪልም ነበር። ራቅ ብሎ፣ ከጥዶቹ ሥር። ወደ እሱ ስራመድ ዞሮ ሄደ። ትክክል ሆንኩ ብዬ ምን ላድርገው...

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 21

ሁለት ሳህን አቀረብኩ። አልመጣም።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 23

ብርዱ መጣ። አሁን። ማስነጠስ እንኳ የሚያምበት ብርድ። ቀዳዳው መልሶ ረግቶ ጓንቶቹን እንዳሉ ያዛቸው፤ ግማሹ እጅ በረዶው ውስጥ፣ ግማሹ ወደ ላይ። ሰው ከየመንደሩ መኪና እያስነሳ ዳር ላይ ቆሞ ያያል። ግሌንዳ «በሃያ ሁለት ዓመት ይህን የሚያህል ሥራ አልወጣልንም» አለች፤ ወዲያው በተናገረችው አፈረች።

አዘጋጁ ስለ እጆቹ ጻፊልን አለኝ። ስለ ኬክ ውድድሩ ጻፍኩ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 28

አልመጣም። ደወልኩ፤ አንስቶ ድምፄን ሲሰማ ዘጋ።

ማክሰኞ፣ ፌብሯሪ 4

አልመጣም። ጨው አብዝቼበት ነበር።

ዓርብ፣ ፌብሯሪ 7

ግሌንዳ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። እኔን እምቢ ስላለ። ሐኪሙ ያለውን በስልክ ነገረችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላምታ ሰጥታ። ባላውቀው ይሻል የነበረ ይመስለኝ ነበር... ግን አውቄው ኖሯል። ውሃ ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ደግሞ ሲጠይቀኝ አውቄው ነበር።

ማክሰኞ፣ ፌብሯሪ 18

ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ኦርቪል። መሰርሰሪያውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ባልዲውን ይዞ፣ ደብተሩን በብብቱ።

«ተነሽ እንጂ ሚጢጢ። ግሌንዳ በረዶውን እየጠበቀች ነው።»

በሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ፊቱ ላይ ቅያሜ ፈለግኩ። የለም። አንድ ወር ያኮረፈኝ ሰው የለም። ይቅር አላለኝም፤ ረስቶኝ ነው። ይህን ያህል ለምኜ የመጣልኝ በዚህ መንገድ ነው።

ቦት ጫማዬን አደረግኩ። መንደሩ ተፈታትቶ ማሪትም ወደ ከተማ ከተመለሰች ቆየ። ምን ልበለው? ሄድን።

ሐይቁ ላይ ነፋስ የለም። ባልዲውን ገልብጦ ቁጭ አለና መሰርሰሪያውን አቀበለኝ፤ «ትከሻዬ ዛሬ እሺ አላለም።» እኔ ሰረሰርኩ። ሲያቅተኝ «በሆድሽ ተጫኚው፣ ሆድ አለሽ አይደል» እያለ ያሾፋል። ድሮም እንዲህ ነው።

ቀና ሲል እጆቹን አየ። በረዶው ላይ የቆሙትን። ከመሐላቸው አንዲት ቀይ አለች፣ ጣሪያው አጠገብ፣ አውራ ጣቷ ወጥቶ።

«አገኘችው» አለ።

«ምኑን?»

«ኢኔዝ። ጓንቷን። ስትፈልገው አልነበር?»

ግራው ነው ልለው ነበር። «አዎ፣ ተገኘ» አልኩት።

የመለኪያውን ዘንግ በቀዳዳው ሰደድኩ፣ ጫፉ ላይ ያለው መንጠቆ ከበረዶው ሥር ያዘልኝ። በሆዴ ተኝቼ ቁልቁል አየሁ። ስልሳ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ።

«ንገሪኝ» አለ።

«ጥቁር ስምንት።»

«እሺ።»

«ነጭም ስምንት።»

«ነጩን ምን ታደርጊዋለሽ?»

አንገቴን ቀና አድርጌ አየሁት። የካፖርቱን የመጨረሻ ቁልፍ እየቆለፈ ነው፣ መምህር ተማሪውን እንደሚጠይቅ፤ መልሱን የሚያውቅ ሰው ፊት።

«ግማሽ» አልኩት።

«እንደገና።»

«ግማሽ ነው፣ ኦርቪል።»

«ስለዚህ?»

«አሥራ ሁለት።»

«ጎበዝ። እንግዲያው መንደሩ ይወጣል።»

ባዶውን ሐይቅ አየሁት። «ይወጣል» አልኩት።

እጁ ስለቀዘቀዘ ደብተሩን ለእኔ ሰጠኝ። ከዘንድሮው ገጽ ቀጥሎ ያለውን አሰመርኩ። ጥቁር 8። ነጭ 8፣ ግማሹ 4። ድምር 12። ከታች «የለካው» የሚል አለ። የእሱን ስም ጻፍኩበት።